ግርግም፣ መጠቅለያና ከርቤ፦ የልደት ምልክቶች ምን ይላሉ?

ሉቃስ በወንጌሉ የልደትን ሌሊት የተረከው በጥቂት መስመሮች ነው። በእነዚያ መስመሮች ውስጥ «ምልክት» ተብለው በስም የተጠሩት ደግሞ ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። መልአኩ ለእረኞቹ «ይህም ለእናንተ ምልክት ይሆናል፤ ሕፃን ተጠቅልሎ በግርግምም ተኝቶ ታገኛላችሁ» አላቸው (ሉቃ. 2፥12)። መጠቅለያና ግርግም፣ በቃ። ኮከቡ ሉቃስ ላይ የለም። በሬና አህያውም የሉም፤ ግመሎቹም የሉም። እነሱ ከየት እንደመጡ በየቦታው እናያለን፤ መነሻው ግን መልአኩ በጣቱ ያሳየው ቢሆን ይሻላል።

ሁለቱም ምልክቶች የሚናገሩት ስለ ሥጋ ነው። መጠቅለያ የሚያስፈልገው የሚበርደው ነው፤ የሚተኛበት ቦታ የሚፈለገውም ለሚደክም ነው። የክርስትና እምነት አምላክ በሰው አምሳል ታየ ብቻ ብሎ አይቆምም፤ የሚርበው፣ የሚበርደው፣ በመጨረሻም የሚሞት ሥጋ ነሣ ይላል። የልደት ምልክቶች ሁሉ፣ ከግርግሙ እስከ ከርቤው፣ የሚዞሩት በዚህ ዙሪያ ነው። አንዱ ምልክት ግራ ሲያጋባ «ይህ ስለ ሥጋው ምን ይላል?» ብሎ መጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ይከፍታል።

ግርግሙና ቤተ ልሔም

ብዙ ሰው ግርግምን ከበረት ጋር ያምታታል። በረት ከብት የሚያድርበት ነው፤ ግርግም ግን መኖው ተደርጎ የሚቀርብበት ገንዳ ነው። ግእዙ «ጎል» ይለዋል፤ በልደት ማኅሌት ይህ ቃል ደጋግሞ ይሰማል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ትርጉሙ ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ሕፃኑ የተኛው ምግብ በሚቀመጥበት ቦታ ነው። ከተማይቱም ስሟ ቤተልሔም ነው፤ በዕብራይስጥ «የእንጀራ ቤት» ማለት ነው። በእንጀራ ቤት ተወልዶ በመመገቢያ ገንዳ የተኛው፣ አድጎ «ከሰማይ የወረደ ሕያው እንጀራ እኔ ነኝ» አለ (ዮሐ. 6፥51)። አባቶች ግርግሙን ከመሠዊያው ጋር አያይዘው የሚያነቡት ስለዚህ ነው።

ይህንን በዓይን ለማየት ኢየሩሳሌም መሳለም አያስፈልግም። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር በየደብሩ ግቢ ውስጥ ከዋናው ሕንፃ ተለይታ፣ አብዛኛውን ጊዜ በምሥራቅ በኩል፣ የምትቆም ትንሽ ቤት አለች፤ ስሟም ቤተ ልሔም ይባላል። ምእመናን በአጠገቧ እያለፉ ዕቃ ቤት የምትመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጀው እዚያ ነው። ከንጹሕ የስንዴ ዱቄት ይቦካል፤ በላዩ የመስቀል ምልክት ይታተምበታል፤ የሚጋገረውም በቅዳሴው ዕለት ነው፤ ያደረ ኅብስት ለመሥዋዕት አይቀርብም። ወይኑ ከዘቢብ ይጨመቃል። ከዚያ ኅብስቱ በመሶበ ወርቅ ሆኖ፣ ተሸፍኖ፣ ደወል እየተመታ ወደ ቤተ መቅደስ ይገባል። ከቤተ ልሔም ተነሥቶ ወደ መሠዊያ የሚደረገው ይህ አጭር ጉዞ የጌታን መንገድ በጥቂት እርምጃ የሚያሳይ ነው፤ በእንጀራ ቤት ተወለደ፣ በመሠዊያ ተሠዋ። ልደት በዓመት አንዴ ይከበራል እንላለን እንጂ በዚህ ሥርዓት ቅዳሴ በተቀደሰ ቁጥር ይነገራል።

መጠቅለያውም እንዲሁ ወደ ፊት ይመለከታል። ያው ሉቃስ በምዕራፍ 23 ላይ የአርማትያሱ ዮሴፍ ሥጋውን ከመስቀል አውርዶ በተልባ እግር ልብስ ጠቅልሎ ከዐለት በተወቀረ መቃብር እንዳኖረው ይጽፋል። የልደቱን ቦታ ዋሻ የሚያደርገው ትውፊት ደግሞ ጥንታዊ ነው፤ እስከ 2ኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳል፤ ዛሬም በቤተልሔም ያለው የልደት ቤተ ክርስቲያን የታነጸው በዋሻ ላይ ነው። በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሎች ግርግሙ የሬሳ ሣጥን፣ መጠቅለያው መግነዝ፣ ዋሻው መቃብር መስሎ ሲሣል ሠዓሊው ተሳስቶ አይደለም። ሊሞት የመጣ መሆኑን ከመጀመሪያው ሰዓት ሊናገር ፈልጎ ነው።

በሬና አህያው የመጡት ከኢሳይያስ ነው፦ «በሬ የገዢውን አህያም የጌታውን ጋጣ አወቀ፤ እስራኤል ግን አላወቀም» (ኢሳ. 1፥3)። ሰው ማደሪያ በነፈገው ሌሊት እንስሳቱ እስትንፋሳቸውን ገበሩለት የሚለው ትምህርታችን ከዚህ ጋር የሚገጥም ነው፤ ለአዳም የሕይወትን እስትንፋስ እፍ ያለበት፣ ዛሬ በከብት እስትንፋስ ሞቀ። ግርግሙን ከነከብቱ አስመስሎ የመሥራት ልማድ የምዕራቡ ነው፤ ፍራንሲስ ዘአሲሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1223 በጣልያን ግሬቾ በምትባል መንደር ካዘጋጀው በኋላ ተስፋፋ። የእርሱ ተከታዮች የሆኑት ካፑቺኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሐረር ገብተው ሚስዮን ስለመሠረቱ፣ በዚህ አገር ያሉ ካቶሊኮች ለዚህ ልማድ እንግዳ አይደሉም።

ከቁልቢ እስከ ገና

ታኅሣሥ 19 ቀን ከድሬዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ ከሐረርም ተነሥቶ ወደ ቁልቢ የሚጎርፈውን ሕዝብ የማያውቅ የምሥራቅ ሰው የለም። ራስ መኮንን ያሠሩት የቅዱስ ገብርኤል ደብር በዚያ ቀን ስለቱን ይቀበላል። ብዙዎች ግን ቁልቢንና ገናን የማይገናኙ ሁለት በዓላት አድርገው ያስባሉ፤ አንዱ የስለት፣ ሌላው የቤተሰብ። በቤተ ክርስቲያኑ ቀመር ግን ቁልቢ የልደት መንገድ ላይ ነው።

ዕለቱ ሠለስቱ ደቂቅ ከእሳት የዳኑበት መታሰቢያ ነው። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ሦስቱ ወጣቶች ወደ እቶን ሲጣሉ ንጉሡ አራት ሰዎች ያያል፤ «የአራተኛውም መልክ የአማልክትን ልጅ ይመስላል» ይላል። ቤተ ክርስቲያን ያዳናቸው መልአኩ ገብርኤል ነው ብላ ታከብራለች። በዚያው ላይ አባቶች እቶኑን የድንግል ማኅፀን ምሳሌ ያደርጉታል፤ እሳቱ ነደደ፣ በውስጡ ያሉትን ግን አላቃጠለም። መለኮት እሳት ነው፤ ማርያም ተሸከመችው፣ አልተቃጠለችም። የሐሙስ ውዳሴ ማርያም ሙሴ በሲና ስላያት፣ ነድዳ ስላልተቃጠለችው ዕፀ ጳጦስ የሚናገረውም ያንኑ ነው። የእሑዱ ውዳሴ ደግሞ እመቤታችንን ፍሕም የተሸከመች የወርቅ ማዕጠንት ይላታል። ካህኑ ጽናውን ሲያወዛውዝ ዕቃው እርሷን፣ በውስጡ ያለው ፍሕም መለኮቱን ያመለክታል። ከቁልቢ 3 ቀን በኋላ፣ ታኅሣሥ 22፣ ብሥራተ ገብርኤል ይከበራል፤ በእቶኑ የወረደው መልአክ አሁን ናዝሬት ገባ። ጥንተ በዓሉ መጋቢት 29 ቢሆንም ያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ስለሚውል ብሥራቱ በታኅሣሥም እንዲከበር ሆኗል።

በዚሁ ወር ሦስቱ እሑዶች ስም አላቸው፦ ስብከት (ከታኅሣሥ 7 እስከ 13)፣ ብርሃን (ከ14 እስከ 20)፣ ኖላዊ (ከ21 እስከ 27)። በየእሑዱ የሚሰበከውን የዳዊት መዝሙር በተርታ ያዳመጠ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በስብከት «ፈኑ እዴከ እምአርያም»፣ እጅህን ከአርያም ላክ። በብርሃን «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ»፣ ብርሃንህንና እውነትህን ላክ። በኖላዊ «ኖላዊሁ ለእስራኤል አጽምዕ»፣ የእስራኤል እረኛ ሆይ አድምጥ። ሦስቱም ልመና ናቸው፤ ላክ፣ ላክ፣ ስማ። ነቢያቱ የጮኹትን ጩኸት ምእመኑ እንደገና ይጮኻል። ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመው ጾምም የነቢያት ጾም የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ልደት የመጣው ሲለመን ለከረመ ሰው መልስ ሆኖ ነው። ጾሙንም እሑዶቹንም ዘልሎ በ29 ጠዋት ብቻ የሚነቃ ሰው ጥያቄውን ሳይሰማ መልሱን ይሰማል፤ በዓሉ የምግብና የልብስ ብቻ ሆኖ የሚቀረውም ያኔ ነው።

ኖላዊ ከልደት ፊት መቀመጡ በአጋጣሚ አይደለም። እረኛ ተብሎ የተለመነው ሲወለድ መጀመሪያ የተጠሩት እረኞች ናቸው፤ ከተማይቱም እረኛው ዳዊት የተቀባባት ናት። የገና ጨዋታ ከዚያ ሌሊት የእረኞች ደስታ ጋር ተያይዞ ይተረካል፤ እሩሯን በቆልማማ ዱላ እያንከባለሉ ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፉ ስለነበር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተባለ። ጌታው ራሱን ዝቅ ባደረገበት ቀን ሌላ ጌታ የለም።

ስለ ቀኑ

በታኅሣሥ አጋማሽ ሆቴሎችና ሱቆች በመብራት ሲያጌጡ «እውነተኛው ልደት የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ሁለት ልደት የለም፤ ሁለት የቀን መቁጠሪያ እንጂ። የእኛ ታኅሣሥ 29 በድሮው የዩልዮስ አቆጣጠር ታኅሣሥ 25 ማለት ነው። በጎርጎርዮስ ማሻሻያ ምክንያት ልዩነቱ አሁን 13 ቀን ስለደረሰ፣ በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል።

በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ልደት ታኅሣሥ 28 የሚከበርበት ምክንያትም ሂሳብ ነው። ጽንሰቱ መጋቢት 29 ነው። ከዚያ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከ5 ቀን፣ ማለትም 275 ቀን ይሆናል፤ አምስቱ ቀን ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 6 ስትሆን አንድ ቀን ይጨመራልና 275ኛው ቀን ታኅሣሥ 28 ላይ ይሞላል። የሚንቀሳቀሰው የተረገዘበት ዘመን እንዳይዛነፍ ነው፤ እዚህም የሚጠበቀው የሥጋ ነገር ነው፤ እንደ ማንኛውም ሕፃን በማኅፀን የቆየበት ጊዜ። ዓመቱን ለማወቅ ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፤ ቀሪ ከሌለ ዘመነ ዮሐንስ ነው። 2016 እንዲያ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ነው። የሚደመረው 5500 ራሱ የልደት ቁጥር ነው፤ ለአዳም «ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ተብሎ ከተሰጠው ተስፋ እስከ ፍጻሜው የተቆጠረው ዘመን።

በዓሉ እንደ 2018ቱ ረቡዕ ላይ፣ ወይም ዓርብ ላይ ቢውል ይበላል፤ ዋዜማው ግን ገሃድ ነው፣ ይጾማል። ፍስኩ የሚጀምረው ሌሊት ቅዳሴው ሲያልቅ ነው።

ሁለት ልደት

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ። «ተወለደ» ሲባል «ከዚያ በፊት አልነበረም» የሚል ሐሳብ ተያይዞ ይመጣል፤ ስለ ሰው ስንናገር እንዲያ ነውና። ቤተ ክርስቲያን ግን ሁለት ልደት ታስተምራለች። ቀዳማዊው፣ ዓለም ሳይፈጠር ያለ እናት ከአብ የተወለደው። ደኃራዊው፣ በኋለኛው ዘመን ያለ አባት ከድንግል ማርያም የተወለደው። ታኅሣሥ 29 የሚከበረው ሁለተኛው ነው። ሚክያስ ሁለቱን በአንድ ቁጥር አስቀምጧቸዋል፤ ገዢ ከቤተልሔም ይወጣል ይልና፣ ወዲያው «አወጣጡም ከቀድሞ ጀምሮ ከዘላለም የሆነ» ብሎ ይጨምራል (ሚክ. 5፥2)። የመጀመሪያው ልደት የሥጋ አይደለም፤ ዘርም፣ ሴትም፣ ጊዜም የለበትም። ፀሐይ ብርሃኗን ስታስገኝ ከብርሃኗ በዕድሜ አትበልጥም፤ ብርሃን የሌላት ፀሐይ የነበረችበት ሰዓት የለምና።

ይህን በቅጡ መለየት በድሬዳዋና በሐረር የበለጠ ያስፈልጋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚነጋገርበት ጉዳይ ነውና። በቁርአን 19ኛው ምዕራፍ በእመቤታችን ስም ሱረቱ መርየም ይባላል፤ ድንግል ሆና እንደፀነሰች፣ ምጧም ወደ ተምር ግንድ እንዳስጠጋት ይናገራል። በእስልምና ትውፊት ከመካ የመጡት ሙስሊም ስደተኞች በአክሱም ለንጉሡ ለነጃሺ ያነበቡለት ከዚሁ ምዕራፍ ነው። እስከ ድንግልናዋ ድረስ ሁለቱ እምነቶች አብረው ይሄዳሉ። የሚለያዩት ቁርአን ስለ አምላክ «አልወለደም፣ አልተወለደም» ሲል ነው፤ ኢሳ ለሙስሊሙ ነቢይ ነው። ክርስቲያኑ «የአብ ልጅ» ሲል ሥጋዊ መውለድን ማለቱ እንዳልሆነ ግልጽ ቢያደርግ ልዩነቱ ባይጠፋም፣ ያልተባለውን እንደተባለ ቆጥሮ መቀያየም ይቀራል።

ሁለቱ ልደታት የአንድ ወልድ ናቸው። የቁስጥንጥንያው ፓትርያርክ ንስጥሮስ ማርያም የወለደችው ሰውን ነው፣ አምላክ በኋላ አደረበት ወደሚል ትምህርት ባዘነበለ ጊዜ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ431 በኤፌሶን የተሰበሰቡት አባቶች በእስክንድርያው ፓትርያርክ በቅዱስ ቄርሎስ መሪነት አወገዙት፤ ማርያምም «ወላዲተ አምላክ» መሆኗን አጸኑ። ውኃ በማድጋ ቢያድር ማድጋው ውኃ አይሆንም፤ ኅድረት ይሉታል፣ ተዋሕዶ አይደለም። ውኃ ከወተት ቢቀላቀል ደግሞ ሁለቱም መልካቸውን ያጣሉ፤ ቱሳሔ ነው፣ ይህም አይደለም። ውኃ ረግቶ በረዶ ሲሆን የመጀመሪያ መልኩ ይቀራል፤ ውላጤ ነው፣ ይህም አይደለም። ቄርሎስ የመረጠው ምሳሌ የጋለ ብረት ነው። እሳቱ ብረት አልሆነም፣ ብረቱም መሆኑን አልተወም፤ ነገር ግን ብረቱ ያበራል፣ ያቃጥላል፤ መዶሻ ሲያርፍበት የሚመታው ብረቱ ነው፣ እሳቱ ግን አይለየውም። በግርግም የተኛው እንዲህ ነው፤ የሚያለቅሰው ሕፃን ዓለምን የያዘው ራሱ ነው።

በአገራችንም ክርክሩ ረጅም ነበር። ሥጋ በመንፈስ ቅዱስ የጸጋ ልጅ ሆነ በማለት ሦስተኛ ልደት የሚቆጥሩ ነበሩ፤ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ባስጠሩት ጉባኤ ሁለት ልደት የሚለው ጸንቶ ያኛው ተወገዘ። ነገሩ የቁጥር ብቻ አልነበረም። ሥጋው ልጅነትን በኋላ በጸጋ ያገኘ ከሆነ በቤተልሔም ግርግም የተኛው በሙሉ አምላክ አይደለም ማለት ይሆናል፤ ያን ጊዜ ግርግሙም ምልክትነቱ ይቀራል።

የሰብአ ሰገል እጅ መንሻ

ሰብአ ሰገልን ከእረኞቹ ጋር በአንድ ሌሊት ማቆም ሥዕል ላይ የተለመደ ቢሆንም ወንጌሉ እንዲያ አይልም። ማቴዎስ «ወደ ቤትም ገብተው ሕፃኑን ከእናቱ ጋር አዩት» ነው ያለው፤ ግርግም አላነሣም። ሄሮድስ የገደላቸው ሕፃናትም ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሆናቸው ናቸው። ሌላም ማስረጃ አለ። በ40ኛው ቀን፣ የካቲት 8 በምናስበው ዕለት፣ ማርያምና ዮሴፍ በመቅደስ ያቀረቡት ወፎች ነው፤ ሕጉ ይህን የሚፈቅደው ጠቦት ለማቅረብ ለማትችል ነው (ዘሌ. 12፥8)። ወርቁ በእጃቸው ቢሆን ኖሮ ወፍ ባላቀረቡ ነበር። ቁጥራቸው ሦስት መሆኑም ከስጦታው ብዛት የተወሰደ ነው። ንጉሥነታቸው በልደት ከሚሰበከው መዝሙር ነው፤ «ነገሥተ ሳባ ወዐረብ ጋዳ ያመጽኡ»፣ የሳባና የዐረብ ነገሥታት እጅ መንሻ ያመጣሉ። ግመሎቹ ከኢሳይያስ 60፥6 ናቸው፤ ወርቅና ዕጣን ይዘው ከሳባ የሚመጡት።

ስጦታዎቹ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ሰው ከመጽሐፍ የወጡ ሩቅ ስሞች አይደሉም። ከርቤ የሚበቅለው በሶማሌ ቆላ ነው፤ ግንዱ ሲቆስል የሚያነባው ሙጫ ደርቆ ይለቀማል። ድሬዳዋ ከፊራ ወይም ሐረር ጀጎል ዕጣን ሻጭ ጋ ቆሞ ሁለቱን ማስተያየት ትርጓሜውን ያቀልላል። ዕጣኑ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ነው፤ ፍሕም ሲነካው ነጭ ጢስ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ከርቤው ቀይ ቡናማ ነው፤ ሲሰበር ውስጡ ቅባት አለው፣ ምላስ ላይ ሲያርፍ ይመራል።

ወርቅ ለመንግሥቱ፣ ዕጣን ለክህነቱና ለአምላክነቱ፣ ከርቤ ለሞቱ። የአንድምታ (የመጽሐፍ ትርጓሜ) መምህራን ይጨምሩበታል፤ ወርቅ ጽሩይ (ንጹሕ) እንደሆነ አንተም ጽሩየ ባሕርይ ነህ፣ ዕጣን ምዑዝ (መዓዛው ያማረ) እንደሆነ ምዑዘ ባሕርይ ነህ ሲሉ ነው። ከርቤም የተሰበረውን ይጠግናል፣ የተለያየውን አንድ ያደርጋል፤ በኃጢአት ከፈጣሪው የተለየው ሰው በዚህ ሕፃን ሞት ይገጠማልና። ከሦስቱ የሚከብደው ይህ ነው። ወርቅና ዕጣን ለልደት ደስታ የሚስማሙ ናቸው፤ ለሬሳ የሚሆን መራራ ሙጫ ለሕፃን መስጠት ግን ምን እንደሚመጣ አውቆ ነው።

ከርቤው እንደገና የተገኘው በስቅለት ነው። ሊጠጣ የሰጡት ወይን ከርቤ የተቀላቀለበት ነበር፤ አልተቀበለውም (ማር. 15፥23)። ማታ ላይ ኒቆዲሞስ መቶ ንጥር የሚያህል፣ ወደ 33 ኪሎ የሚጠጋ፣ የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ፤ የኢየሱስንም ሥጋ ከሽቱው ጋር በተልባ እግር ልብስ ከፈኑት።